ባለ ረጅም ጅራቱ ወፍና ጎጆው

በጫካና በወንዝ ዳር፥ ትልልቅ ዛፍ ባለበትም ግቢ ከሚኖሩት ወፎች መካከል መልኩ ዓይንን የሚስብ አንድ ትንሽ ወፍ አለ። የውጭ አገር ሰዎች የገነት ዝንብ አዳኝ ይሉታል። በጣና ዳር ባሉት ገዳማት ዛፎችም ሆነ በአዲስ አበባ ወንዞች አጠገብ ይታያል። የወንዱ ራስ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል፤ ዓይኑን ሰማያዊ ቀለበት ይከበዋል፤ ጀርባውና ጅራቱ እንደ ዳማ ፈረስ ነው። ከጅራቱ መካከል የሚወጡት ሁለት ላባዎች ከአካሉ ይረዝማሉ፤ ሲበርም እንደ ሐር ጥብጣብ ይከተሉታል። ጀርባቸውና ጅራታቸው ነጭ የሆኑ ወንዶችም ስላሉ ብዙ ሰው ሌላ ወፍ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ወገናቸው አንድ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. ሙለር የተባለው የጀርመን ሊቅ ትርጓሜው «አረንጓዴ» የሆነ የላቲን ስም ሰጠው፤ እኛ ግን ከራሱ ነጸብራቅ በቀር አረንጓዴ ነገር አላየንበትም።

ምግቡ በራሪ ተባይ ነው። ጎጆውን ከቀጭን ሥርና ከልጥ ሠርቶ በሸረሪት ድር ያያይዘዋል፤ ስፋቱም ከቡና ስኒ ብዙ አይበልጥም። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ይህን ያህል ጌጥ ያለው ወንድ ከሚስቱ ጋር ተራ እየገባ ዕንቁላል መታቀፉ ነው። ጎጆው ስለማይበቃው ጅራቱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰው ቢሆን ኖሮ ሞግዚት ጥሩልኝ ባለ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር በቤታችን ለሰርግ ዳስ ሊጣል ሆነና፥ ምሰሶው በሚቆምበት ስፍራ ያለ የወይራ ቅርንጫፍ እንዲቈረጥ ታዘዘ። ቅርንጫፉ ላይ ግን ሦስት ዕንቁላል ያለበት የዚህ ወፍ ጎጆ ተገኘ። ዕንቁላሉ ሁለት ሳምንት ያህል ይታቀፋል፤ ጫጩቶቹም እስኪበሩ ያንኑ ያህል ይቈያሉ፤ ሰርጉ ግን ዐሥር ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እናታችን «ልጅ እየዳርን የሌላውን ቤት እናፍርስን?» አሉ። አጎታችን ደግሞ ዳሱ ከተዛወረ በሩ ወደ ማድ ቤት ይዞራል፥ የእንግዳም ክብር ይጐድላል ብለው ተቈጡ፤ ነገሩም እውነት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያከራክር ቈይቶ አባታችን ዳሱ እንዲዛወር ፈረዱ፤ አጎታችንም እስከ ዋዜማው ድረስ ከእናታችን ጋር አልተነጋገሩም።

በሰርጉ ዕለት ከበሮው እየተመታ ወንዱ ወፍ ጅራቱን አንጠልጥሎ ከጎጆው አልተነሣም። አጎታችንም መኳንንቱን አንድ በአንድ ወደ ወይራው እየወሰዱ ሲያሳዩ አየናቸው።