አንዲት መስመር እርማትና ግምገማዋ

«ግምገማ» የሚለው ቃል በእኛ በኢትዮጵያውያን ጆሮ መልካም ድምፅ የለውም። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሰው መካከል ላይ ተቀምጦ፣ ከሥራው ይልቅ ጠባዩና ወዳጆቹ የሚመረመሩበት ነገር ሆኖ ነው የምናውቀው። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ግን ግምገማ የዘወትር ነገር ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበውና ሳይፈትነው ወደ ዋናው ቅጂ አይገባም። ሰሞኑን የደረሰኝ ግምገማ የማኅበራችንን መዝገብ የሚነካ ስለሆነ ለአባላት ባካፍል አይከፋም ብዬ ይህን ጻፍሁ።

እንደምታውቁት መዝገባችን የእያንዳንዱን አባል የመኖሪያ ፈቃድ ማብቂያ ይይዛል፤ ሠላሳ ቀን ሲቀረው ማሳሰቢያ ይልካል። ባለፈው መንፈቅ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ማሳሰቢያው ሳይደርሳት ፈቃዷ አለፈ፤ መቀጫውን ከምግቧ ቀንሳ ከፈለች። ቀኑ በመዝገቡ ላይ በትክክል ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ስሕተት አለ ብሎም አልጮኸም። ዝም ብሎ ዘለላት።

ሰበቡን ያገኘው መዝገቡን በጃቫ የጻፈው፣ በዕድሜ ከብዙዎቻችን የሚያንሰው ወንድማችን ነው። መዝገቡ መረጃውን የሚያነበው ሌሎች ሰዎች በነፃ በሚያድሉት፣ በሪፍሌክሽን በሚሠራ አንድ ላይብረሪ አማካይነት ነው። ሪፍሌክሽን ማለት ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ ወደ ራሱ ዘወር ብሎ «ምን ምን ክፍል አለኝ? ስማቸው ማነው? ምን ዓይነት ነገር ይመልሳሉ?» ብሎ የሚጠይቅበት ብልሃት ነው። ሐሳቡን ብራያን ካንትዌል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1982 በኤም አይ ቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አብራርቶታል፤ ጃቫም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 1.1 እትም የራሱን አስገባ።

ችግሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫ 5 «ጄኔሪክስ» የተባለውን ሲያመጣ ነው። በጥቅሉ ውል ላይ «ማብቂያ አንድ ነገር ይመልሳል» ተብሎ ቢጻፍና የእኛ ክፍል «ማብቂያ ቀን ይመልሳል» ቢል፣ ኮምፓይለሩ ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ሜተድ በራሱ ሥልጣን ጽፎ ያስገባል። «ድልድይ» ይሉታል። ሰው ያልጻፈው ይህ ድልድይ በሪፍሌክሽን ሲታይ ከእውነተኛው ጎን ተሰልፎ ይቆማል፤ ስሙ አንድ ነው፣ የሚመልሰው ዓይነት ግን «ማንኛውም ነገር» ነው። (ድልድይ መሆኑን የሚነግረው ምልክት ዋጋው 64 ነው፤ ያው 64 በሌላ ቦታ «ቮላታይል» ማለት ስለሆነ፣ ምልክቶቹን ለሚያትም ሰው ያልጻፈው ሜተድ ያልጻፈው ማዕርግ ለብሶ ይመጣበታል።) ላይብረሪው በዚያ ስም ካገኛቸው መጀመሪያ የመጣውን ይወስድ ነበር። ድልድዩ ከቀደመ «ይህ ቀን አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ማን እንደሚቀድም ደግሞ የጃቫ ሰነድ ራሱ ዋስትና አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃቫ 7 ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ተለዋውጦ፣ በእርሱ ተማምነው የነበሩ ፈተናዎች ወድቀዋል፤ ጄዩኒት የተባለው የፈተና መሣሪያም በተከታዩ ዓመት የራሱን ቋሚ ተራ እስከማበጀት ደርሷል።

የወንድማችን እርማት አንዲት መስመር ነች፤ «ድልድይ ከሆነ ዝለለው» ትላለች። ከአንድ አዲስ ፈተና ጋር አምጥቶ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬውኑ እይልኝና ለባለቤቶቹ ልላከው» አለኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት እርማቷን አውጥቶ ፈተናውን ብቻ ማስኬድ ነው። አለፈ! በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ እውነተኛው ሜተድ ሁልጊዜ ስለሚቀድም፣ እርማቷ ኖረችም አልኖረችም ፈተናው ያልፋል። ሕመሙን ያላየ ፈተና መዳኑን ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ ምርጫውን የሚያደርገውን ክፍል ለብቻው አወጣነውና ሁለቱን ሜተዶች በእጃችን፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ተራ ሰጠነው። ያለ እርማቷ አንዱ ወደቀ፤ ከእርማቷ ጋር ሁለቱም አለፉ። በመካከሉ አንድ ሌላ ፈተና ወድቆ ግማሽ ሰዓት በልቶናል። ወንድማችን ስሞቹን በፊደላችን መጻፍ ይወዳል፣ ጃቫም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ «ዓመት»፣ ሌላ ቦታ «አመት» ብሎ ኖሯል። እኛ በድምፅ እናነባለን፤ ማሽኑ ግን ፊደል ቆጣሪ ነው።

ከባዱ ነገር ሁለተኛው ነበር። ኮምፓይለሩ ድልድይ የሚሠራበት ሌላም ምክንያት አለ። ወላጁ ክፍል ለውጭ የተዘጋ፣ ልጁ ግን ክፍት ሲሆን፣ የተወረሰው ሜተድ በሪፍሌክሽን እንዲጠራ ኮምፓይለሩ በልጁ ላይ ድልድይ ያኖራል። የጃቫ የራሱ ስትሪንግ ቢልደር ከተዘጋ ወላጁ ከወረሳቸው ሜተዶች አንዳንዶቹ የሚገኙት በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ድልድዩ ተደራቢ አይደለም፤ ያለው በር እርሱ ብቻ ነው። በእኛ መዝገብ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ክፍል የተሠራው እንዲህ ነው። እርማቷ እንዳለች ብትገባ ያቺን እኅታችንን አድና አሥራ አንድ ሰዎችን ከማሳሰቢያ ታወጣለች፤ ያውም እንደ በፊቱ አንዳንዴ ሳይሆን ሁልጊዜ።

ይህን መንገር ቀላል አልነበረም። ሦስት ሌሊት ሠርቶበታል፤ የተማሪዋንም መቀጫ እንደ ራሱ ዕዳ ይዞት ነበር። «የሚሠራውን ነገር ለምን ታከብደዋለህ?» አለኝ። አልተከራከርሁም፤ ሰባት መስመር ፈተና ጽፌ አስኬድሁለት። ቀይ ሆነ። ዝም ብሎ ቆየና የጃቫን ሰነድ ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ጠዋት ይዞት የመጣው እኔ ካሰብሁት ይሻላል። ድልድይን አይጠይቅም፤ ስማቸውና የሚቀበሉት አንድ ከሆኑት መካከል የሚመልሰው ዓይነት ይበልጥ የጠበበውን ይመርጣል። ጃቫ ራሱ አንድን ሜተድ በስም ሲፈልግ የሚከተለው ደንብ ይኸው ነው። ተደራቢው ይቀራል፣ ብቸኛው በር ይኖራል። ፈተናዎቹን በሁለት የተለያዩ ኮምፒዩተሮችና በሦስት የጃቫ እትሞች አስኬድናቸው፤ እርማቱን አውጥተን መውደቃቸውን፣ መልሰን መዳናቸውን አየን።

የላይብረሪው ባለቤቶች ገና አልመለሱልንም። እስከዚያው መዝገባችን በእኛው ቅጂ ይሠራል፤ ባለፈው ሳምንት ለአራት አባላት ማሳሰቢያ ልኳል፣ ከእነርሱም አንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው።