በሥላሴ ስም የተጠራ እሳት

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በመጀመሪያው ዘመን፣ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ሥጋና ደም የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ሲሮጥ፣ ሲስቅና ሲሞት ማየት ለዓይን እንግዳ ነበርና፣ ስሙን ያወጣው ድንጋጤ ነው። ዛሬ ያ ድንጋጤ አልፎአል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ካደጉት አባቶች ብዙዎቹ እስከ አሁን ድረስ ሲኒማን የሚመለከቱት ከደጅ ቆመው ነው፤ ልጆቻቸው ግን ከውስጥ ተቀምጠዋል። አባት ከደጅ ልጅ ከውስጥ ሆነው ሲኖሩ፣ በመካከላቸው ያለው በር ማን እንደ ዘጋው ሳይታወቅ ተዘግቶ ይቀራል።

በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ፣ አንድ መሪጌታ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ቅኔን የተማሩት በዋሸራ ነው፤ ሌሊት ሲያወጡ ሲያወርዱ ያደሩትን ቅኔ ጠዋት ለመምህር ነግረው፣ ሲያምር ተመስግነው ሲሰበር ታርመው ያደጉ ሰው ናቸው። የበኵር ልጃቸው በ2015 ዓ.ም. ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ አሳቡም ፊዚክስ የሚባለውን የፍጥረትን ኃይል የሚመረምር ትምህርት ለመማር ነበር። መሪጌታው ይህን አልወደዱትም። «ቅኔ ልብን ያለዝባል፤ ቍጥር ብቻውን ልብን ያደርቃል፤ ልቡ የደረቀ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም» ይሉ ነበር። ልጁም የአባቱን ቃል ላለመመለስ ዝም ይል ነበር። እንዲህ ሆነው ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ በዚህ ነገር ሳይነጋገሩ ሁለት ዓመት ኖሩ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 14 ቀን ሁለት ታላላቅ ፊልሞች በአንድ ቀን ወጡ። አንደኛው «ባርቢ» ሁለተኛው «ኦፐንሃይመር» ይባላል። ልጆቹም ወላጆቻቸው አብረዋቸው እንዲገቡ ለመኑ፤ ጾመ ፍልሰታ እስኪፈታ ተጠብቆ በነሐሴ መጨረሻ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሄደ። በሲኒማው ደጅ ግን ለሁለት ተከፈሉ። እናቲቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆች «ባርቢ»ን ሊያዩ ገቡ። ይህ ፊልም ስለ አሻንጉሊት የተሠራ ጨዋታ ቢሆንም፣ በውስጡ አንዲት እናት ከሴት የሚጠበቀውን እርስ በርሱ የማይታረቅ ግዴታ ሁሉ የምትዘረዝርበት ቦታ አለ። ወይዘሮዋ በሌላው ሁሉ ሲስቁ ቆይተው በዚያ ቦታ ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ ልጆቻቸው አይተዋል፤ ሲወጡም «ሴትዮዋ እኔን ታውቀኛለች» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

መሪጌታውና ወንድ ልጃቸው የገቡበት ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ንግግሩም የበዛ ነው። የመሪጌታው እንግሊዝኛ ለገበያና ለመንገድ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ልጁ ወደ ጆሮአቸው ዘንበል እያለ በሹክሹክታ ይተረጕምላቸው ነበር። በቅኔ ቤት ምሥጢር የሚፈታው መምህሩ፣ ጆሮውን የሚያዘነብለው ደቀ መዝሙሩ ነው፤ በዚያ ጨለማ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አባትዮውም ልጃቸው ከባዱን ነገር አቅልሎ፣ ረጅሙን አሳጥሮ ሲያስረዳ እየሰሙ፣ ይህን ያህል አማርኛ እንዳለው እስከዚያ ቀን አለማወቃቸውን በልባቸው ታዘቡ።

በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ ሊነጋ ሲል፣ የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ የተሞከረበት ጊዜ በፊልሙ ሲታይ፣ አስቀድሞ ብርሃን ብቻ መጣ። ድምፅ የለም። ከሰዎቹ እስትንፋስ በቀር ምንም ሳይሰማ እሳቱ ያለ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። መሪጌታው በጎጃም ክረምት የመብረቁን ብልጭታ አይቶ ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ነጐድጓዱን እንደሚጠብቅ ሕፃን ሆኑ። ልጁም በዚያን ጊዜ መተርጐሙን ትቶ የአባቱን እጅ ያዘ። ድምፁ የመጣው ከብዙ ዝምታ በኋላ ነው።

ፊልሙ በሂሮሺማ የሆነውን አያሳይም። የሚያሳየው ኦፐንሃይመር በአዳራሽ ሕዝብ እየጮኸ ሲያመሰግነው፣ በዓይነ ልቡናው የአንዲት ወጣት ፊት ቆዳው ሲገፈፍ ማየቱን ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ክሪስቶፈር ኖላን ለዚያች ወጣት ቦታ ያቆመው የገዛ ልጁን ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የነዳው ልጁ ነበር። በመንገድ ላይ «አባባ፣ ያንን ሙከራ ለምን ሥላሴ አሉት?» ሲል ጠየቀ። መሪጌታው ይህን ሰው ልጁ ሲተረጕም አልሰሙም ነበርና ደነገጡ። «ማን ነው ያለው?» አሉ።

«ኦፐንሃይመር ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ትሪኒቲ ነው። እርስዎን እንዳያስከፋ ብዬ ዘለልሁት።»

«ካህን ነበረ?»

«የለም፤ ከአይሁድ ወገን የተወለደ ሊቅ ነው። ግን ግጥም ይወድ ነበር፤ ስሙንም ከግጥም አገኘው ይላሉ።»

ይህ እውነት ነው። ኦፐንሃይመር ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስሙን ሲያወጣ በአሳቡ የነበሩት የእንግሊዛዊው ካህንና ባለቅኔ የጆን ደን ግጥሞች እንደ ሆኑ ገልጧል። የሕንድን ጥንታዊ መጽሐፍ በቋንቋው ለማንበብ ብሎም ሳንስክሪትን የተማረ ሰው ነበረ።

መሪጌታው በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሥላሴ በአንደበታቸው የጸሎት መነሻ፣ በጉባኤያቸውም የአንድ የቅኔ ዓይነት ስም ነው። ተነሥተው መብራት አበሩና የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ይመልሱ ጀመር። ሙከራው የተደረገው ሐምሌ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. ሆነ፤ ይኸውም የሐምሌ ሥላሴ በተከበረ በሁለተኛው ቀን ነው። ሂሮሺማ የተቃጠለችው ሐምሌ 30 ቀን፣ ናጋሳኪ ነሐሴ 3 ቀን፣ ጾመ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። በናጋሳኪ በኡራካሚ የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን የዕርገት በዓል ንስሐ ሊገቡ የመጡ ምእመናን ከካህናቱ ጋር እንደ ጠፉ ልጃቸው በማግሥቱ ከመጽሐፍ አንብቦ ነገራቸው። እስከዚያ ዓመት ፍጻሜ ድረስ በሂሮሺማ ወደ 140,000፣ በናጋሳኪ ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል።

መሪጌታው ይህን ከሰሙ በኋላ «ቅኔ ልብን ያለዝባል» የሚለውን ቃል ደግመው አልተናገሩም። ያን እሳት የሠራው ግጥም የማያውቅ፣ ልቡ የደረቀ ሰው ቢሆን ኖሮ ለእርሳቸው ይቀልላቸው ነበር። ሰውዬው ግን ግጥም አዋቂ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት በግጥም ነው። እንግዲህ ቃልን ማሳመር እጅን ከክፉ ሥራ አያግድም ማለት ነው። ይህን ማመን ዕድሜውን ሙሉ ቃልን ሲያሳምር ለኖረ ሰው ከባድ ነው። ስለዚህም ልጃቸውን መከልከሉን ተዉ፤ ግን ገና አልመረቁትም።

ዓመቱ ዞሮ፣ በ2016 ዓ.ም. በሰኔ፣ ጾመ ሐዋርያት ሳይገባ፣ የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ታናሺቱ ልጃቸው በተራዋ አባቷን ወደ «ኢንሳይድ አውት 2» ወሰደቻቸው። ይህ በሥዕል የተሠራ ፊልም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነፍስን ውስጥ ያሳያል፤ ደስታ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ፍርሃትና መጸየፍ እንደ ሰው ቆመው የልጅቱን ሥራ ይመራሉ። ኋላም ጭንቀት የምትባለዋ መጥታ የቀሩትን አባርራ መሪውን ለብቻዋ ትይዛለች። የምትይዘውም ልጅቱን ለመጕዳት አይደለም፤ ሊመጣ ከሚችለው ክፉ ነገር እጠብቃታለሁ ብላ ነው። በዚህም ምክንያት ልጅቱን ወደ ጥፋት ታደርሳለች። ታናሺቱ ወደ አባቷ ዘወር ብላ «በእኔም ውስጥ አለች» አለቻቸው።

መሪጌታው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት እንደ ሆነች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። በዚያ ጨለማ ያሰቡት ግን ስለ ኦፐንሃይመር ነው። እነዚያ ሊቃውንት ቦምቡን መሥራት የጀመሩት ጀርመን እንዳትቀድማቸው ፈርተው ነበር፤ ጀርመን በሚያዝያ 1937 ዓ.ም. እጇን ከሰጠች በኋላ ግን ሥራው አልቆመም። መሪው በጭንቀት እጅ ነበርና፣ ምክንያቱ ሲጠፋ እንኳ አልለቀቀችውም። ከዚህም ቀጥለው ስለ ራሳቸው አሰቡ። ልጃቸውን ከፊዚክስ ሁለት ዓመት የከለከሉት በቅኔ ፍቅር ይመስላቸው ነበር፤ መሪውን የያዘችው ግን ያችው ናት። ልጁ በባዕድ አገር፣ በማያውቁት ትምህርት ከእጃቸው እንዳያመልጥ ፈርተው ነበር።

በዚያው ክረምት ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ዕቃውን ሲያስር፣ መሪጌታው መስቀላቸውን ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። «ሂድ ተማር» አሉት። «ከቅኔ ቤት እንደ ወጣህ አትቍጠረው። አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ፤ የምትሠራውን ነገር ስም ከማውጣትህ በፊት፣ በማን ቤት ላይ እንደሚወድቅ ጠይቅ።»

ልጁም መስቀሉን ተሳልሞ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አባባ፣ ያን ሌሊት ቀኑን እንዴት እንዳገኙት ያስተምሩኝ» አለ። መሪጌታው ወረቀት አስመጡ፤ ሁለቱም ከታሰረው ሻንጣ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ሐምሌ አንድ ከፈረንጁ ወር በስንተኛው ቀን እንደሚውል እየቈጠሩ እስኪመሽ ቆዩ።

ልጆቹ ከሚያዩት ነገር ደጅ የቆመ አባት ቢኖር፣ የመሪጌታው ነገር ትምህርት ይሁነው፤ ገብቶ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ያልገባውንም ከልጁ ለመጠየቅ አይፈር። የሥላሴ ቸርነት አባትን ከልጅ ጋር ያስማማ። አሜን።