ባሌ ላይ የተራራውን ቻርት የሚይዙ ሰዎች

ከሻሸመኔ ተነስቶ ዶዶላንና አዳባን ያለፈ መንገደኛ ዲንሾ ሲደርስ የሚቀበለው ብርድ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ነው። በጽዱና በኮሶው መሐል የደጋ አጋዘን ሰው ሳይፈራ ይግጣል። ብዙው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ወደ ሳነቴ ይወጣል። እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔን የሳቡት መዝገብ የያዙት ሰዎች ናቸው።

በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮ የሚከታተል ወጣት በፈረስ ሲመጣ አገኘነው። “ዛሬ ስንት አየህ?” አልኩት። “እማማ፣ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ አምና የነበሩት ዘንድሮም አሉ ወይ ነው ጥያቄው” አለኝ። ልክ ነው። አንድ ቀን የተለካ ትኩሳት ብዙ አይነግርም፤ የሚናገረው ቻርቱ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያሉት። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከታተላቸዋል። በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ ቶሎ የታወቀው በየቀኑ የሚዞር ሰው ስለነበረ ነው። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ስለሆነ ፕሮግራሙ ውሾቹን ይከትባል። ክትባቱ ለቀበሮው ብቻ ሳይሆን ለከብቱም ለልጆቹም ነው። በሥራ ዘመኔ በዚህ በሽታ የሞተ ሕፃን አይቻለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ተመራማሪዎች ዝናቡንና ሙቀቱን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች በእነዚህ ተራሮች ላይ ተክለዋል። የአርኪዮሎጂ፣ የአፈር፣ የዕፅዋትና የበረዶ ባለሙያዎች አብረው ሠርተው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ ከ40 ሺሕ ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እያደኑ ይኖሩ እንደነበር በ2019 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። በዚያን ዘመን ከፍታው ላይ የበረዶ ግግር ነበር። አንድ ሙያ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያነብ አይችልም ነበር።

ችግሩ፣ የጥናት ገንዘብ የተቆረጠ ዘመን አለው፤ ተራራው ግን የለውም። መሣሪያ የሚጠግን፣ ፈረስ የሚቀልብ፣ በየቀኑ የሚጽፍ ሰው ከጠፋ መስመሩ ይቋረጣል። የጎደለን ዓመት ደግሞ ተመልሶ የሚለካው የለም። ከዚህ የሚነሱት የገናሌና የዌብ ወንዞች እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣሉ፤ የጎደለው መዝገብ የእነሱም ነው።

ባሌ የምትሄዱ የመግቢያውን ክፈሉ፣ የአካባቢውን አስጎብኚና ባለፈረስ ያዙ፣ ውሻችሁን ግን ቤት ተዉ። መዝገብ የያዘ ሰው ስታገኙም ሥራውን ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ያስረዳችኋል።