«ለእርስዎ ትቼዋለሁ» ከማለታችን በፊት



«ኦማካሴ» የሚለውን ነገር በስልካችሁ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ ሼፍ ከእንጨት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ትንሽ ሩዝ በእጁ ይጨብጣል፤ ላይዋ ላይ ስስ የዓሣ ቁራጭ ያደርግና በቡሩሽ ሶስ ቀባ አድርጎ እንግዳው ፊት ያስቀምጣል። ሜኑ የለም። «ምን ልታዘዝ?» የሚልም የለም። ቃሉ ጃፓንኛ ነው፤ «ለእርስዎ ትቼዋለሁ» እንደማለት ነው። እንግዳው ምርጫውን ለሼፉ አደራ ይሰጣል፣ ሼፉ ደግሞ የዕለቱን ምርጥ ዓሣ በራሱ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ያቀርባል።

ታዲያ አንድ ሙስሊም እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጦ «ለእርስዎ ትቼዋለሁ» ማለት ይችላል ወይ? ይህ ጥያቄ የመጣብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሥልጠና ሦስት ሳምንት ቶኪዮ በቆየሁበት ጊዜ ነው። ሥልጠናውን ያስተባብር የነበረ ጃፓናዊ ከመመለሴ በፊት እራት ሊጋብዘኝ ፈለገ። ያሰበው ተራ ምግብ ቤት አልነበረም፤ ስምንት ወንበር ብቻ ያለው፣ ከሳምንታት በፊት ቦታ የሚያዝበት የሱሺ ቤት ነው። «የማትበላው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ቤቱ አስቀድሞ ይጠይቃል» አለኝ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንመልሳትን መልስ ታውቋታላችሁ። «ምንም ችግር የለም!» ሰው አክብሮ ሲጋብዘን ጥያቄ ማብዛት ነውር ይመስለናል። ደግሞም ዓሣ ነው፤ ዓሣ ላይ ምን ይጠየቃል? አሳማ የለበት፣ እርድ አያስፈልገው።

እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱፐርማርኬት ውስጥ የዕቃ ጀርባ በስልኬ እያስተረጎምኩ ስለገዛሁ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። በጃፓን ማድቤት ለሙስሊም ዋናው ጥያቄ ሥጋው ብቻ አይደለም፤ ማጣፈጫውም ነው። ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ወጥ ውስጥ ይገባል። ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ ማጣፈጫ ደግሞ እውነተኛው ዓይነት 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ሱሺ ላይ የሚቀባው ያ የሚያብረቀርቅ ሶስም በብዙ ቤቶች ሶያ ሶስ ከሳኬና ከሚሪን ጋር ተፈልቶ የሚዘጋጅ ነው፤ «ኒኪሪ» ይሉታል። በኦማካሴ ሶሱን የሚቀባው ሼፉ ስለሆነ እንግዳው «ይቅርብኝ» የሚልበት ዕድል ጠባብ ነው። ለስላሳው ኢል ዓሣ የሚቀቀለው፣ የዓሣው ዕንቁላል የሚዘፈዘፈው፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የዕንቁላል ጥብስም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ አያጣቸውም። «ሲፈላ አልኮሉ ይተናል» የሚል ክርክር አለ። ነገር ግን አስካሪ መጠጥን ሆን ብሎ ምግብ ውስጥ መጨመርን ብዙኃኑ ዑለማዎች አይፈቅዱም፤ ድስቱ ስለፈላ ብቻ ጉዳዩ ተዘጋ አይሉም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፌ ሰጠሁት። አሳማና ከአሳማ የሚገኝ ነገር፤ ሳኬ፤ ሚሪን። ምግብ ውስጥ ቢገቡም ጭምር። ሰውየው አነበበው፣ ዝም አለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ያቺ ዝምታ ከባድ ነበረች። ሊያከብረኝ በፈለገ ሰው ላይ ሥራ ያበዛሁበት መሰለኝ። «ሻይና ፍራፍሬም ይበቃኛል» ልለው ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል።

በማግስቱ መጣና «የመጀመሪያው ቤት አይሆንልንም ብሏል» አለኝ። ሶሳቸው የቤቱ ጣዕም መሠረት ስለሆነ፣ ያለ እሱ የሚያቀርቡት ምግብ የነሱ እንደማይሆን ተናግረው ይቅርታ ጠይቀዋል። እውነት ለመናገር ቅር አላለኝም። ያለውን ደብቆ ከማብላት «አልችልም» ማለት ይበልጣል፤ ይህም አደራ መጠበቅ ነው። «ሁለተኛው ቤት ግን ሦስት ቀን ስጡኝ ብሏል» አለና ፈገግ አለ።

ቀጠሮው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። በኅዳር ወር ቶኪዮ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ መግሪብንም ዒሻንም ሰግጄ ተረጋግቼ ነው የሄድኩት። በእንዲህ ዓይነት ቤት ስምንቱም እንግዳ እኩል ይጀምራል፤ ማርፈድ ትልቅ ነውር ነው።

ሼፉ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ሲነገራቸው «አበበ!» አሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ያሸነፈ ጊዜ ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዝቅ ብለው ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ሳህኖች አሳዩኝ። በአንዱ የቤቱ ሶስ ነበር። በሌላው ሐላል ማረጋገጫ ካለው ሶያ ሶስ የተዘጋጀ፣ ኮምቡ የሚባል የባሕር አረም ተዘፍዝፎበት፣ ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት የለዘበ ሶስ። ለየሳህኑ የየራሱ ቡሩሽ።

ከዚያ ምሽት ብዙ ነገር ብረሳ እነዚያን ሁለት ቡሩሾች አልረሳም። አሥራ ስምንት ቁራሽ አቀረቡልን። ሼፉ ሩዝ ይጨብጣሉ፣ ዓሣ ይቆርጣሉ፣ ከእንግዳ ጋር ይጫወታሉ፤ የኔ ተራ ሲደርስ እጃቸው ሳይሳሳት ወደ ሁለተኛው ሳህን ይሄዳል። አንድም ጊዜ አልተቀላቀለም። እሳቸው ሙስሊም አይደሉም፤ ነጃሳ ምን እንደሆነ ያስተማራቸውም የለም። ነገር ግን «ለእርስዎ ትቼዋለሁ» ተብለዋል።

ስለ ምግቡም ልንገራችሁ። ሱሺ ማለት ጥሬ ዓሣ ማለት አይደለም፤ ስሙን የሚያገኘው በኮምጣጤ ከተቃኘው ሩዝ ነው። ሩዙ እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ ነው። በእጅ መብላት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም በቀኝ እጃችን ስንበላ ላደግን ሰዎች ከቾፕስቲክ ይሻላል። ሼፉ የሚጨብጡት፣ አንተ በአንድ ጊዜ አፍህ ውስጥ የምትከተው ነገር ከጉርሻ ብዙም አይርቅም። መጀመሪያ ነጣ ያሉ፣ ለስለስ ያሉ ዓሦች መጡ። ቀጥሎ በጨውና በኮምጣጤ የታሸ ትንሽ ዓሣ፣ ከዚያ ቀዩ የቱና ሥጋ፣ ከዚያ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ የሚቀልጠው ቅባታሙ። ዋሳቢው ፊታችን የተፈገፈገ ትኩስ ሥር ነው። አፍንጫ ድረስ ወጥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደ ሚጥሚጣ ምላስ ላይ አይቆይም። መጨረሻ ላይ ለሌሎቹ የቤቱ የዕንቁላል ጥብስ ሲቀርብ ለኔ በስኳርና በኮምቡ ውኃ ብቻ የተሠራ መጣ።

«ጥሬ አይደለም እንዴ? አያሳምምም?» ለምትሉ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። አኒሳኪስ የሚባል ትል በባሕር ዓሣ ውስጥ ይገኛል። የጃፓን የጤና ሚኒስቴር ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት መቀዝቀዝ ወይም በደንብ መብሰል ትሉን እንደሚገድለው ይመክራል። ስለዚህ ከገበያ የገዛነውን ዓሣ ቤት ውስጥ ቆራርጠን ሱሺ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ሸሪዓው ስንመለስ፣ የባሕር አደን ለኛ እንደተፈቀደ በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ ላይ እናገኛለን። ዝርዝሩ ላይ ግን መዝሀቦች ይለያያሉ። ሀገራችን ላይ ሰፊ ቦታ ያለው የሻፊዒይ መዝሀብ የባሕር እንስሳትን በአብዛኛው ይፈቅዳል። ወሎ አካባቢ ብዙ ተከታይ ያለው የሐነፊይ መዝሀብ ግን ከባሕር የሚበላው ዓሣ ነው ይላል፤ ስኩዊድና ቀንድ አውጣ መሰል ነገሮች ከዚህ ይወጣሉ። ኮምጣጤን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩ ማባያ ብለው ማወደሳቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። አንዳንድ የሱሺ ቤቶች ግን ከሳኬ አተላ የሚሠራ ቀይ ኮምጣጤ ይጠቀማሉ። አስካሪ ነገር በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ሲሆንና ሰው ሆን ብሎ ሲለውጠው በዑለማዎች ዘንድ ብያኔው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ጥርጣሬ ያለው ሰው ኡስታዙን ይጠይቅ። ያን ቀን የበላነው ተራ የሩዝ ኮምጣጤ ነበር።

ሌላው ያሳሰበኝ ገንዘቡ ነው። ለአንድ ሰው ወደ 30 ሺህ የን ገደማ ይከፈላል። ኢስራፍ አይደለም ወይ? በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። ሱሺ ድሮ የቅንጦት ምግብ አልነበረም። በእጅ የሚጨበጠው ዓይነት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ቶኪዮ ገና ኤዶ እየተባለች ሳለ፣ መንገድ ዳር እየቆሙ የሚበሉት የችኮላ ምግብ ነበር፤ እኛ ሳምቡሳ ቆመን እንደምንበላው። ቅባታሙ ቱና ያኔ የተናቀ ነበር። ዛሬ ግን ጃንዋሪ 2019 በቶዮሱ ገበያ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ አንድ 278 ኪሎ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን ተሸጧል። ዓሣው ያው ዓሣ ነው፤ ዋጋውን ያናረው የሰው ፉክክር ነው።

ስለዚህ ግልጹን ልናገር። በራሴ ገንዘብ ቢሆን አልገባም ነበር፤ በዚያ ዋጋ ስንት ቤት ኢፍጣር እንደሚሸፈን አውቃለሁ። እንግዳን የሚያከብር ሰው ሲጋብዝ ግን ግብዣን መቀበል ሱና ነው። ደግሞም አንድ ነገር አስተውያለሁ። ከባንኮኒው አንዲት ፍሬ ሩዝ አልተጣለችም። እኛ ሠርግ ላይ ሳህን ቆልለን ግማሹን ትተን የምንነሳውን ሳስብ፣ ኢስራፍ በዋጋ ብቻ እንደማይለካ ገባኝ።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ቁም ነገር አንድ ነው። አደራ የሚሰጠው በዝምታ አይደለም። ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ያለውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስረህ ተወከል እንዳሉት ነው። ሦስቷን መስመር መጻፍ ግመሉን ማሰር ነበር። «ለእርስዎ ትቼዋለሁ» የሚለው ቃል ትርጉም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሼፉ ማንነቴን ባያውቁ ኖሮ የኔ አደራ ምን እንደሆነ በምን ያውቁ ነበር?

ከተማ ውስጥ የምትሠሩና የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ስለ ቶኪዮ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ሱሺ የሚሸጥባቸው ቤቶች አሉ። የመሥሪያ ቤት እራት፣ የጓደኛ ልደት፣ የሆቴል ስብሰባ አለ። ስለዚህ፦

አስቀድማችሁ ተናገሩ። ምግቡ ከቀረበ በኋላ መጠየቅ ጋባዡንም አብሳዩንም ያስጨንቃል፤ ከቀናት በፊት የተነገረ ነገር ግን መፍትሔ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለይታችሁ ተናገሩ። «ሐላል ብቻ» ማለት ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ወይን፣ ሳኬ፣ ሚሪን፣ አሳማ፣ ጄላቲን» ስትሉ ግን ሥራውን ታቀሉለታላችሁ።

በአደብ ተናገሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አያነውሩም ነበር፤ ከወደዱት ይበላሉ፣ ካልወደዱት ይተዋሉ። የማንበላውን መተው እንጂ የሌላውን ማዕድ ማጣጣል የኛ ሥራ አይደለም።

«አይቻልም» ከተባላችሁም አመስግናችሁ ሂዱ። እውነቱን የነገራችሁ ሰው ሐቃችሁን ጠብቋል።

ዲናችሁን መናገር ሰው ላይ ሸክም መጣል አይምሰላችሁ። አንዳንዱ ሰው የእንግዳውን ሐቅ የሚወጣበት መንገድ ይፈልግ ይሆናል፤ እናንተ ዝም ካላችሁ ከየት ያገኘዋል?

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ለመናገርም ድፍረቱንና አደቡን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።