ጆሮሽን አስቀድሚ

ይድረስ ለልጄ፤ ከመተማ ዮሐንስ።

ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ጓደኛ፣ ስለ ጤናሽ እናትሽም እኔም በቃል ደጋግመን ነግረንሻል፤ እሱን እዚህ አልመልሰውም። በጽሑፍ ልሰጥሽ የፈለግሁት የእንግሊዝኛን ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው እሱን ስለሆነ ነው እንዳትይኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የመጀመሪያው ሌክቸር ላይ ስትቀመጪ፣ ከዶርሙም ከምግቡም ከናፍቆቱም ይልቅ የሚያስደነግጥሽ እሱ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።

አንቺ እንግሊዝኛን የተማርሽው በዓይንሽ ነው። ታነቢያለሽ፣ ሰዋስው ታውቂያለሽ፣ ከአራት ምርጫ ትክክለኛውን ታወጪያለሽ። ይህን ማቃለሌ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ብቻ እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። እንዲህ ያለውን ፈተና ነው ያለፍሽው። ነገር ግን በዚያ ፈተና ውስጥ፣ ሰው ሲናገር አዳምጠሽ የምትመልሺው አንድም ጥያቄ አልነበረም። ሌክቸር ደግሞ ከሞላ ጎደል ማዳመጥ ነው። መምህሩ ይናገራል፣ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የምትገልጪው ገጽ የለም።

ይህን ነገር ቀርቤ ያየሁት ፕላዝማ በመጣ ጊዜ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ፤ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይረከበዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። እኔ ጥግ ይዤ የማየው ስክሪኑን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነበር። ጽሑፍ ሲወጣ ክፍሉ ሁሉ አንድ ላይ አንገቱን ደፍቶ መገልበጥ ይጀምራል። ድምፁ ግን ጽሑፉን ትቶ ማብራሪያው ውስጥ ገብቷል። ልጆቹ ቀና ሲሉ ሌላ ጽሑፍ ይጠብቃቸዋል፤ ደግሞ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጥያቄ ይወጣል፣ ሴኮንዱ ይቆጠራል፣ ያልቃል፤ ድምፁ ማንንም ሳይጠብቅ ይቀጥላል። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ደብተሩ ሞልቷል፤ ምን ተባለ ብለሽ ብትጠይቂ ግን የሚመልስልሽ ጥቂት ነው። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ያልሠለጠነ ጆሮ ይዘው በእጃቸው ሁሉን ለመያዝ ይሮጡ ነበር። ዛሬ በፕላዝማው ፋንታ ስላይድ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነው ግን ያው ነው።

ጆሮ እንደሚሠለጥን አንቺው ራስሽ ምስክር ነሽ። ዐረብኛ ማን አስተማረሽ? ፊደሉን አትለዪም፤ መጽሐፉን ገልጠሽ አታውቂም። ከጋላባት የሚሻገሩት ነጋዴዎች ገበያ ውስጥ «ዳይር ሺኑ» ሲባባሉ እየሰማሽ አደግሽ፤ ስንት ቃል እንደሆነ ሳትቆጥሪ ምን እንደተፈለገ ታውቂ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ በዚህች ከተማ በኩል ሲጎርፍ፣ ውኃው የት እንደሆነ፣ መኪናው ከየት እንደሚነሣ ለእናቶቹ ስትነግሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ሲያነጋግሩሽ ግን አቀርቅረሽ ዝም አልሽ። ስምንት ዓመት ያልሞላትም ልጅ የማትስተውን ቀላል ጥያቄ ነበር የጠየቁሽ። ዐረብኛው ጆሮሽ ውስጥ ነበር፤ እንግሊዝኛው ደብተርሽ ውስጥ።

ሰዎች «ፈጣን ስለሆነ ነው የማይሰማኝ» ይላሉ። እኔ ዋናው ፍጥነቱ አይመስለኝም። ቃላቱ ሲነገሩ እርስ በርስ ስለሚጋጠሙ ነው። እኛስ «እንዴት አደርሽ» ብለን ጽፈን «እንዴታደርሽ» አይደል የምንለው? «ዋት ዱ ዩ ሚን» ብለሽ ለየብቻ የምታነቢው በሰው አፍ «ዋጁሚን» ሆኖ ይወጣል። ቃሎቹን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ፤ ተጋጥመው ሲመጡ ግን አዲስ ቋንቋ ይመስሉሻል። ለዚህ መድኃኒቱ ሰዋስው አይደለም፤ ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ መስማት ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። አንድ ሌክቸር ውሰጂና ከዐሥር ደቂቃ የማይበልጥ ቁራጭ ያዢ። መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳትነኪ ስሚው፤ ስለ ምን እንደሚናገር ብቻ ይግባሽ። ሁለተኛ ስትሰሚው ጻፊ። ከዚያ ከሥር የሚወጣውን ጽሑፍ ከፍተሽ ያመለጠሽን እዪ። በመጨረሻ ጽሑፉን ዘግተሽ እንደገና ስሚው፤ ቅድም ድምፅ ብቻ የነበረው አሁን ቃል ሆኖ ይሰማሻል። ጽሑፉን ከመጀመሪያው ከከፈትሽው ግን ዓይንሽ ይቀድምና ጆሮሽ ሥራ ይፈታል። ፍጥነቱን መቀነስም ትችያለሽ፤ ነገር ግን እንዳትለምጂው፣ መምህርሽ የሚቀንስበት ቁልፍ የለውም። ተናጋሪው ያለውን ከአፉ ተቀብለሽ ድምፅሽን አውጥተሽ በዚያው ዜማ በይው። የቅኔ ቤት ተማሪ ከየኔታ አፍ የወጣውን ቅኔ በጆሮው ተቀብሎ ነው የሚቀጽለው፤ አገራችን ይህን የትምህርት ዘዴ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ታውቀዋለች። ብዙ ሌክቸር አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ከመስማት አንዱን እስኪዋሐድሽ መስማት ይበልጣል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዳትተማመኚ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ የሆነውን አይተሻል። የምትሰሚውን አውርደሽ ሚሞሪ ላይ አስቀምጪ። ጎንደር ከተማ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ሌክቸርም ይጭናሉ፤ ብትጠይቂያቸው አይገርማቸውም።

ከምን ልጀምር ትይ ይሆናል። የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ በ1959 እ.ኤ.አ. ስፔሻል ኢንግሊሽ ብሎ የጀመረው ዝግጅት ነበር፤ 1,500 ያህል ቃላት ብቻ እየተጠቀመ ቀስ ብሎ ያነብ ነበር። የተቀዱት እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ ለጥቂት ሳምንት ጆሮሽን በእነሱ ክፈቺ። ከዚያ ወደ እውነተኛው ሌክቸር ግቢ። ኤም.አይ.ቲ. የኮርሶቹን ትምህርት በነጻ እንደሚለቅ ያስታወቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዬል ዩኒቨርሲቲም በ2007 እ.ኤ.አ. ሙሉ ኮርሶችን በቪዲዮ ለቋል። አንድ ገበሬ ልጁን እንኳን አሜሪካ አዲስ አበባ ልኮ ማስተማር በማይችልበት አገር፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንቺ ግን የዕፅዋት ሳይንስ መማር ስለምትፈልጊ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን ንግግሮች ፈልጊ። ዓለማያ ተምረው፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመሩት እዚህ ከድንበራችን ማዶ ሱዳን ውስጥ ነው። ሃጊን ዱራ የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ በ1983 እ.ኤ.አ. ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ። ኋላም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እሳቸውን አስቀድሚ ማለቴ በሁለት ምክንያት ነው። እንግሊዝኛቸው የአገር ልጅ እንግሊዝኛ ስለሆነ ለጆሮሽ አይከብድም፤ የሚናገሩት ደግሞ አያትሽ ማሳ ላይ ሲያማርሩት ስለኖሩት አረም ነው። ነገሩን የምታውቂው ከሆነ የማታውቂውን ቃል ነገሩ ራሱ ይነግርሻል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልጨምር። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ የኒውዚላንድ ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. በትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ዘርዝረዋል፤ ዝርዝሩ ከእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ከመቶ ዐሥር ያህሉን ይሸፍናል። ጠቃሚ ነው፤ አንቺም ተማሪው። ይሁን እንጂ በሌክቸር ንግግር ውስጥ እነዚያው ቃላት ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። መምህር ሲናገር የሚበዛው ተራው፣ የሁልጊዜው ቃል ነው። ስለዚህ ከባድ ቃል ስታሳድጂ ቀላሉን በድምፁ ሳታውቂው እንዳትቀሪ። አዲስ ቃል ስትጽፊ ብቻውን አትጻፊው፤ የሰማሽበትን ዓረፍተ ነገር ጭምር ጻፊ፣ አጠራሩንም በእኛ ፊደል አስቀምጪ። መንገድ የሚያሳዩ አባባሎችን ደግሞ ከሁሉ በፊት ለዪ፤ «ዘ ሜን ፖይንት ኢዝ» ሲል እስክሪብቶሽን አንሺ፣ «ሃውኤቨር» ሲል ሐሳቡ ሊዞር ነውና ተጠንቀቂ፣ «ፎር ኤግዛምፕል» ሲል ትንሽ ተንፍሺ።

አሁን ወደ ማስታወሻው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዋልተር ፖክ ያስለመዱት ዘዴ ይበቃሻል። ገጹን ከግራ በኩል ሲሶውን በመስመር ክፈይው። በሌክቸሩ ጊዜ ቀኝ በኩል ብቻ ጻፊ። ማታ ዶርም ስትገቢ ግራው ላይ ጥያቄና ቁልፍ ቃል አስፍሪ፣ ከሥር ደግሞ የሌክቸሩን ፍሬ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር አጠቃልይ። ከዚያ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ ግራውን እያየሽ ለራስሽ መልሺ። ስለ አቀንጭራ ብትሰሚ ቀኙ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

አቀን. ዘር፦ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል
ማሽላ ሥር → ኬሚካል → ዘሩ ይነቃል → ሥሩ ላይ ይጣበቃል
መፍትሔ፦ ኬሚካሉን እምብዛም የማያወጣ ማሽላ

በሦስት መስመር የብዙ ደቂቃ ንግግር ተያዘ። በአማርኛ መጻፌ እንዳይገርምሽ። አንዳንድ መምህራን ይህን ይነቅፋሉ፤ እኔ አልነቅፍም። ሐሳቡ ሲያልፍ የቀረበሽን ቃል ያዢ፤ ማታ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርገሽ መልሰሽ ስትጽፊው ያኔ ቋንቋውንም ትምህርቱንም አንድ ላይ ታጠኛለሽ። ማታውን ግን አታሳልፊው። ሰሊጥ ሳይፈነዳ ካልታጨደ መሬት ላይ እንደሚረግፍ ታውቂያለሽ፤ የዕለቱ ማስታወሻም በዕለቱ ካልተሰበሰበ እንዲሁ ነው።

ዛሬ ብዙ ተማሪ ስላይዱን በስልክ ፎቶ ያነሣል፣ ሃንድአውቱን በቴሌግራም ይቀበላል፣ አዳራሹ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሃንድአውቱን ተቀበይ፤ ምንም ክፋት የለውም። ለፈተና ብቻ የሚነበብ ከሆነ ግን አራት ዓመት ተምረሽ ጆሮሽ እንደዛሬው ሆኖ ትመረቂያለሽ። ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች ቃል በቃል ወደ መገልበጥ እንደሚያዘነብሉና ሐሳብ በሚጠይቅ ጥያቄ ላይ በእጅ ከሚጽፉት እንደሚያንሱ አሳይተዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱን ያን ያህል ሰፊ ሆኖ አላገኙትም። እኔ ግን ፕላዝማው ፊት ያየሁት ይበቃኛል፤ የሚገለብጥ ሰው አያዳምጥም።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጪ። ከቆላ መጣች፣ ድንበር ላይ ያደገች ናት ብለው ቢስቁብሽ ጆሮ አትስጪያቸው፤ አንቺ በሁለት ቋንቋ ተግባብተሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ያልገባሽን ጠይቂ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ጠይቂ። ከሌክቸር በፊት ምዕራፉን አየት አድርጊው፤ ርእሱንና ዋና ዋና ቃላቱን አውቀሽ መግባት ግማሽ መስማት ነው። አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠውን የኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ኮርስ ሌሎች ለነጥብ ብቻ ይወስዱታል፤ አንቺ በማዳመጥ ልምምዱ ላይ አጥብቂበት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከልም አላቸው፤ የት እንዳለ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቀሽ እወቂ። ከጓደኞችሽ ጋር አንድ ሌክቸር ሰምታችሁ ማስታወሻችሁን አስተያዩ፤ አንዷ የሳተችውን ሌላዋ ይዛዋለችና።

የመጀመሪያው ወር ይከብድሻል። ግማሹን አትሰሚም፤ ያን ጊዜ «አልችልም» ብለሽ ወደ ሃንድአውቱ እንዳትሸሺ አደራ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስጪው፤ ላይብረሪም ሆነሽ፣ ልብስ እያጠብሽም ቢሆን።

አንድ ልመና አለኝ። ሴሚስተሩ አልቆ ስትመጪ ያን ሚሞሪ ይዘሽልን ነይ። እዚህ መተማም፣ ገንዳ ውኃም፣ ቋራም ለ12ኛ ክፍል የሚዘጋጁ ልጆች አሉ፤ አንድ ሌክቸር እንኳ በጆሯቸው ሰምተው አያውቁም። ማታ ማታ ሰብስበሻቸው አብራችሁ ስሙ፤ እኔም እመጣለሁ።

መንገዱን ሰላም ያድርግልሽ። ጎንደር እንደገባሽ ደውዪ።

አባትሽ