42 ቁጥር የማን ነበር?

ዛሬ ትንሽ የሚያሳፍረኝን ነገር ላጫውታችሁ።

በአንድ ወቅት «ሎስት» የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አሳብዶኝ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2010 በ6 ምዕራፍ የታየ፣ አውሮፕላናቸው ደሴት ላይ ስለተከሰከሰባቸው ሰዎች የሚተርክ ነው። 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42 የሚሉት ቁጥሮች በየቦታው ብቅ ይላሉ። የበረራው ቁጥር እንኳ 815 ነው። እኔም ደብተር ገዝቼ የት የት እንደታዩ እመዘግብ ነበር። «ሰዎቹ ገና ሲከሰከሱ ሞተዋል» ከሚሉ ጓደኞቼ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት እከራከር ነበር።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ እናታችን ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። አንድ ማታ ከታላቅ እህቴ ጋር እያየን ነው። ኮሪያውያኑ ባልና ሚስት ጂንና ሰን በሚሰምጥ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ናቸው። ሰንን ፍርስራሽ ይዟታል። ጂን መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። እጇን እንደያዘ ውሃው ዋጣቸው።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ታዲያ 42 ቁጥር የማን ነበር? የእሱ ነው የእሷ?» በዋሻው ግድግዳ ላይ ከ42 ጎን የተጻፈው የቤተሰብ ስማቸው ብቻ ነበርና።

ዘወር ስል እህቴ ታለቅሳለች። «ሰው እየሞተ ቁጥር ትቆጥራለህ?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እማዬ ስትሞትም እንደዚሁ ነበርክ» አለች።

እውነቷን ነው። እሷ ሌሊቱን ሙሉ የእማዬን እጅ ይዛ ስትቀመጥ፣ እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እየተንጎራደድኩ ምክንያት እፈልግ ነበር። ለምን አሁን? ጌታ ምን ሊያስተምረን ነው? የቱ ጥፋታችን ነው? ደብተር አልያዝኩም እንጂ ያው ቆጠራ ነበር።

ከዚያ ማታ ወዲህ ደብተሩን አልገለጥኩትም። ማንም አልከለከለኝም፤ ፍላጎቱ ራሱ ጠፋ። ፊልሙ ብዙ ጥያቄ ሳይመልስ ሲያልቅ ብዙዎች ተናደዱ፤ እኔን ግን አልከፋኝም።

የኢዮብ ወዳጆች ትዝ ይሉኛል። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ በዝምታ ተቀመጡ፤ ያ መልካም ነበር። የተሳሳቱት ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ ሲናገር የመከራውን ምክንያት ለኢዮብ አልዘረዘረለትም፤ ራሱን ግን ገለጠለት።

ወገኖቼ፣ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አጠገባችሁ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ካለ ትንታኔውን ለነገ አቆዩትና ገብታችሁ እጁን ያዙት። እኔ ኮሪደር ላይ ያሳለፍኩትን ሌሊት መመለስ አልችልም። ለእናንተ ግን በሩ ገና አልተዘጋም።