ሽምብራዋ

ራያ ቆቦ ላይ የእኅታችን ልጅ የሽምብራ ቆሎ ትን ብሎት ትንፋሹ ሲር ሲር ይል ጀመር። ጎረቤቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አለና ቆራጭ ተጠራ። ተምረናል የምንለው እኛም እግሩን ይዘን ነበር። ደም ፈሰሰ እንጂ ትንፋሹ አልቀናም፤ እንጥል ከላንቃ ጫፍ ተንጠልጥላ ሳለ ሽምብራዋ ከማንቁርት በታች ወርዳ የአየሩን ቧንቧ አጥብባው ኖሯልና።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ ልጁን በመድኃኒት አስተኝቶ፣ መብራት ያለበት ቀጥ ያለ ቧንቧ በአፉ አስገባና ፍሬዋን በረጅም መቆንጠጫ ይዞ አወጣት። አንገቱን አልነካውም። ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪልያን በ1897 እ.ኤ.አ. ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት ያወጣው በዚሁ መንገድ ነበር። ዛሬ በጠባሳ የጠበበውንም ጉሮሮ በዚያው በር ገብተው በጨረር ይቆርጡታል፣ በፊኛም ያሰፉታል።

እኅታችን ሽምብራዋን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቆቦ ተመለሰች።